ለእህቴ «ጭንቀት ነው»፣ ለአጎቴ ልጅ ሪፈር፦ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደብረ ሲና)፦
ሰላም ቤተሰብ። እህቴ 29 ዓመቷ ነው። ቁጭ ባለችበት ልቧ በድንገት ይፈጥናል፤ ሲለቃትም በድንገት ነው። ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ካለፈላት በኋላ ነው። መልሱ ሁሌ «ጭንቀት ነው፣ ቡና ቀንሺ»። የአጎቴ ልጅ ግን እንዲሁ ቢያመው ቶሎ ሪፈር ተጻፈለት። ወንድ ስለሆነ ይሆን? እንዴት ሪፈር እናስጽፍ?

ነርሷ (ደብረ ብርሃን)፦
በእህትህ ጉዳይ እንዲህ ነው ማለት አልችልም፤ ጥርጣሬህ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ሴቶች ለአብሌሽን ከወንዶች ዘግይተው እንደሚላኩ አሳይተዋል። አብሌሽን በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ልብን የሚያስቸግረውን የኤሌክትሪክ መስመር ማቃጠል ነው። የሚገርመው፣ እንዲህ በድንገት መጥቶ በድንገት የሚሄደው የተለመደው የልብ መፍጠን ዓይነት ሴቶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ምልክቱ ከጭንቀት ጋር ስለሚመሳሰል ሴት ስትሆን «ነርቭ ነው» ማለት ይቀላል።

ትልቁ ማስረጃ ልቧ እየፈጠነ ሳለ የተነሳ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚያወጣ ምርመራ) ነው። ካለፈላት በኋላ ንጹሕ ቢወጣ ምንም የለባትም ማለት አይደለም። ጣርማ በርን ወጥታ እኛ ጋ እስክትደርስ ሊለቃት ስለሚችል፣ ቅርባችሁ ኢሲጂ የት እንዳለ ከአሁኑ አጣሩ። ኮፒውን ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ከመሐል ሜዳ፦
እኔም ያው ነበርኩ። «ልቤ ይመታል» ስል የሰማኝ አልነበረም። በደቂቃ 180 ጊዜ መምታቱን በደብተር ጽፌ ስሄድ ሐኪሙ እስክሪብቶ አነሳ። ሲነሳባት አንጓዋን ይዛችሁ ለ30 ሴኮንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙ። ቀኑንና የቆየበትን ጊዜም ጻፉ። ጤና መድን ካላችሁ ሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ አትንቀሳቀሱ፤ ወጪው በራሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ጤና መኮንን፦
ደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመምም ልብ ያፈጥናሉ፤ አብረው ይታዩ። ሲነሳባት ከፊል ጋደም ብላ መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጫፍ ለ15 ሴኮንድ በኃይል ትንፋ። ወዲያው በጀርባዋ አስተኟትና እግሯን ከፍ አድርጉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ይህ ዘዴ ከ100 ሰው ለ43ቱ ምቱን መልሷል፤ እግር ሳይነሳ ግን ለ17ቱ ብቻ። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የተለመደው ዓይነት መሆኑ ከተረጋገጠ አብሌሽን ከ100 ከ95 በላይ ይሳካል። ስለዚህ «የልብ ስፔሻሊስት ይያት» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። ቡናውስ ይቅር?

ነርሷ፦
ቡና ስትጠጣ የማይነሳባት ከሆነ ተዉላት እንጂ!