የኒሼል ኒኮልስ ቃለ ምልልስ በአማርኛ ሰብታይትል፦ ፊደሉ ሣጥን ይሆናል፣ ጽሑፉ ድምፁን ይቀድማል

የቨርጂኒያዋ፦
ሰላም ወገኖች። የቴሌቪዥን አካዳሚ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ከተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ (በአሜሪካው የጠፈር ተከታታይ ድራማ ስታር ትሬክ ሌተናንት ኡሁራን ከተጫወተችው) ጋር ላደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ የአማርኛ ሰብታይትል (የምስል ግርጌ ጽሑፍ) እየሠራሁ ነው። የሚመለከቱት እንግሊዝኛ የማይከተሉ ወላጆች ናቸው፤ የሚታየው በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነው። በላፕቶፕ ደህና የሆነው ፊደል ቴሌቪዥን ላይ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ሰዓቱም መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲደርስ ጽሑፉ ከድምፁ ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይቀድማል። ከአውቶማቲኩ እንግሊዝኛ ላይ በማሽን ያስተረጎምኩት ደግሞ ግማሹ ትርጉም አይሰጥም። ከየት ልጀምር?

ፊደል_ለቃሚ፦
ሣጥኑ የቴሌቪዥኑ ችግር ነው፣ የፋይልሽ አይደለም። ኤስአርቲ (የሰብታይትል) ፋይል ጥሬ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ፊደሉን የሚስለው የሚያጫውተው መሣሪያ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ውስጥ የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የለም። ወይ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተሽ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ አጫውቺ፣ ወይ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሚው። ለማተም ሰብታይትል ኤዲት የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል፤ በቪዲዮ ዝርዝሩ ውስጥ ጽሑፍ የታተመበት ቪዲዮ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው፣ ፎንትም ያስመርጥሻል።

እኔ የምመርጠው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኢብሪማ አብሮ ይመጣል፤ ኒያላ ግን በተጨማሪ ፎንትነት ካልተጫነ ላይኖር ይችላል። ቁመቱ 1080 ፒክሰል ለሆነ ምስል ከ50 እስከ 56 ፒክሰል ጥሩ ነው። ጥቁሩን ጠርዝ ከ2 ፒክሰል አታሳልፊው። ጠርዙ ሲወፍር የ«ሌ» ቀለበት ይደፈንና ከ«ሊ» አይለይም፤ «ቄ» እና «ቂ» እንዲሁ። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠ ሰው ቃሉን ከዐውዱ መገመት ይጀምራል፣ እየገመተም ቀጣዩ መስመር ያመልጠዋል።

ፋይሉን ስታስቀምጪ ከፊደል ኮዶቹ (ኢንኮዲንግ) ዩቲኤፍ-8ን ምረጪ። ኤኤንኤስአይ በሚባለው ኮድ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ያ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም፤ ቅጂ ያዢ። ሌላው በጣም የሚያደክመው ስሕተት፦ የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ሰዓቱን ማረም። በሰከንዱና በሚሊሰከንዱ መካከል ያለው ኮማ «፣» ሆኖ ይገባል፤ በዓይን ቶሎ አይለይም፣ ፕሮግራሙ ግን ያንን መስመር እንደ ሰዓት አያነበውም። ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቺ። «፡፡» ብለሽ በሁለት የጻፍሽውንም ሁሉ ፈልገሽ በአንዱ «።» ተኪው።

ድምፅና_ምስል፦
በሰዓት ሦስት ሰከንድ ተኩል ካልሽ ምክንያቱ የፍሬም መጠን (በሰከንድ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች ብዛት) ነው። የአሜሪካ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 29.97 ፍሬም ነው። ፕሮጀክትሽ በ30 ከተከፈተ ልዩነቱ ከሺህ አንድ ይሆናል፤ በ3,600 ሰከንድ 3.6 ሰከንድ ማለት ነው። ሁሉንም መስመር በእኩል ወደ ኋላ መግፋት አይጠቅምም፤ መጨረሻው ሲስተካከል መጀመሪያው ይበላሻል። ሰብታይትል ኤዲት ውስጥ የፍሬም መጠን መቀየሪያውን ክፈቺና ከ30 ወደ 29.97 አድርጊው። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የመሐሉንና የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ከድምፁ ጋር አመሳክሪ። ቃለ ምልልሱን በክፍል በክፍል ካገኘሽው ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው አስተካክለሽ ነው የምታያይዢው፤ ተያይዞ ከሆነ በኋላ የትኛው ክፍል እንደተንሸራተተ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

አንድ ጽሑፍ ከ1 ሰከንድ በታች አይቆይ፣ ከ7 ሰከንድ በላይም አይቆይ። በሁለት ተከታታይ ጽሑፎች መካከል 2 ፍሬም ክፍት ተዪ፤ አለበለዚያ ዓይን ጽሑፉ መቀየሩን አያስተውልም።

ቃል_በቃል፦
ዋናው ሥራ ትርጉሙ ላይ ነው። አውቶማቲኩ እንግሊዝኛ አረፍተ ነገሩን በየሁለት ሰከንዱ ይቆርጠዋል። ማሽኑ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ሲተረጉም አማርኛው ማሰሪያ ግሥ ያጣል፣ ወይም በየቁራጩ የሌለ ግሥ ይፈጥራል። መጀመሪያ ቁርጥራጩን ወደ ሙሉ አረፍተ ነገር መልሺ፣ ያንን ተርጉሚ፣ ከዚያ በአማርኛው ትንፋሽ እንደገና ቁረጪው።

የኪንግ ታሪክ ላይ ተጠንቀቂ። ኒኮልስ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ስታር ትሬክን ለመልቀቅ ወስና ለድራማው ፈጣሪ ለጂን ሮደንቤሪ ነግራዋለች፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ በኤንኤኤሲፒ (የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር) ዝግጅት ላይ አንድ አድናቂ ሊያገኝሽ ይፈልጋል ትባላለች፣ ዞር ስትል የምታየው ማርቲን ሉተር ኪንግን ነው። በእንግሊዝኛው ስሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚወድቀው። በአማርኛ ተሳቢው ከግሡ ስለሚቀድም፣ ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ ካስገባሽው ታዳሚው እሷ ከመናገሯ በፊት ያነበዋል፤ ትዕይንቱ እዚያው ይሞታል። ለሁለት ክፈይው፦ «ዞር አልኩ።» ቀጥሎ «ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው።» ሁለተኛው ስሙ ከአፏ ሲወጣ ብቻ ይብራ።

አክብሮቱንም አስቀድመሽ ወስኚ። ኪንግ ሲጠቀሱ እሳቸው፤ ኪንግና ኒኮልስ የመጀመሪያ ትውውቃቸው ስለሆነ እርስ በርስ እርስዎ ይባባሉ። ከሮደንቤሪ ጋር ግን አንተና አንቺ ነው የሚያስኬደው፤ ከስታር ትሬክ በፊት «ዘ ሌተናንት» በሚለው ተከታታይ ድራማው ላይ ሠርታለታለች። መሐል ላይ ከተቀያየረ ተመልካቹ የተጣሉ ይመስለዋል።

ካፒቴን ኪርክን ከተጫወተው ከዊልያም ሻትነር ጋር ስለተሳሳሙበት የስታር ትሬክ ክፍል (እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1968) ሲነሳ ብዙዎች «በአሜሪካ ቴሌቪዥን የመጀመሪያው የጥቁርና የነጭ መሳሳም» ይላሉ። የመጀመሪያነቱ አከራካሪ ነው። እሷ ያለችውን ብቻ ተርጉሚ፣ ካንቺ ማዕረግ አትጨምሪበት።

የቨርጂኒያዋ፦
አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በአንድ መስመር ስንት ፊደል ይሁን? ስለ ናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) ስታወራ የሚነሱትን ሰዎች ታዳሚዎቹ ስለማያውቋቸው በቅንፍ ላብራራ? የባለቤቶቹ ፈቃድስ?

ቃል_በቃል፦
ለእንግሊዝኛ የተለመደው 42 ነው። ለአማርኛ 30 በቂ ነው፣ ሁለት መስመር። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ በሰከንድ ከ12 ፊደል አትለፊ፤ ለአረጋውያን 10 ይሻላል። ካልገባ ጊዜውን ከማጥበብ ቃሉን ቀንሺ።

ቅንፍ አታስገቢ፣ የንባብ ጊዜ ይበላል። ከማሳያው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አድዪ። እዚያ ላይ፦ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን እንዲመለምል ኒኮልስ መሥራቷን፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመረጡት 35 ዕጩ ጠፈርተኞች መካከል ሳሊ ራይድ፣ ጋይዮን ብሉፎርድ፣ ጁዲት ሬዝኒክና ሮናልድ ማክኔር እንደነበሩ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ እንደሞቱ። ዘመኑንም በኛ አቆጣጠር እዚያው ጻፊ፤ ስታር ትሬክ የጀመረው ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ነው። ሰብታይትሉ ላይ ግን እሷ የምትለው ዓመት ይቆይ፣ ቁጥሩን በጆሯቸው የሚይዙ አሉ።

ፊደል_ለቃሚ፦
ስለ ፈቃድ፦ ቃለ ምልልሱ የፋውንዴሽኑ ንብረት ነው፤ ለሕዝብ ለማሳየትም ቅጂ አውጥቶ ጽሑፍ ለማተምም በጽሑፍ ጠይቂ። የማሳያውን ቀን፣ ቦታውን፣ መግቢያው ነጻ መሆኑን ግለጪ። ዩቲዩብ ላይ ተመልካች በሌላ ሰው ቪዲዮ ላይ ሰብታይትል የሚጨምርበት መንገድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ተዘግቷል፤ አሁን መጫን የሚችለው የቻናሉ ባለቤት ወይም እሱ ፈቃድ የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤስአርቲውን ከደብዳቤው ጋር አያይዢላቸው፤ አማርኛ የማያነብ ሰው እንዲያመሳክረው እያንዳንዱ መስመር ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን የተቀመጠበት ሠንጠረዥም ጨምሪ።