ባላንጣዬ መሃል ላይ ጉልበት አጣብኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው የታዳጊዎች ልቦለድ መቼቱ አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ የተሰረዘበት ሰሞን። ባላንጣው ናሆም የክፍሉ አንደኛ ነው። ፈተናው ፌስቡክ ላይ ከመለቀቁ በፊት መልሱን ለተማሪዎች ይሸጣል።

እስከ ምዕራፍ 7 ክፋቱ ከፍላጎቱ ይመነጫል። እናቱ ጉሊት ቸርችራ ነው ያስተማረችው፤ ሕክምና ካልገባ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ የሚቀር ይመስለዋል። ገንዘብ ለሌለው ጓደኛው መልሱን በነጻ ይሰጠውና በኋላ ያችኑ ውለታ አፍ ማስያዣ ያደርጋታል። ይህ ትዕይንት ያሳምናል፤ ናሆም አይጮህም፣ አይዝትም፣ «እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው» ብቻ ነው የሚለው።

ፈተናው ሲሰረዝ ግን የሚሸጠው ነገር የለውም፤ አስፈሪነቱም አብሮ ይሟሽሻል። ዛቻ ስጨምርበት የፊልም ወንበዴ ይሆናል፣ ልጅነቱ ይጠፋል። እናቱን ባሳምምበት ደግሞ አንባቢ ለእሱ ያዝንና ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሜሮን ትደበዝዛለች። መምህር ደርሶ እንዲቀጣውም አልፈልግም፤ መወሰን ያለባቸው ልጆቹ ናቸው።

እስከ ድጋሚው ፈተና ባሉት ሳምንታት ምን በእጁ ቢቀር ያስፈራል? የገዢዎቹ ስም ዝርዝር ብቻውን ይበቃል? ወይስ ሜሮንም ከገዢዎቹ አንዷ ትሁን?