የቼዝ ኦፕኒንግ መምረጥ አቃተኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጀማሪው አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቼዝ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ያስተማረችኝ የ11 ዓመት ልጄ ናት። መጀመሪያ እሷን ላጫውት ብዬ ነበር የገባሁበት። አሁን እሷ ተኝታ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አመሻለሁ። ሬቲንጌ (የደረጃ ነጥቤ) 780 አካባቢ ነው። አንድ ቀን 820 ይገባል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይወርዳል።

ችግሬ ኦፕኒንግ ነው፤ የጨዋታው የመጀመሪያ ሙቮች (እርምጃዎች) ማለቴ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አራት ቀያይሬያለሁ። አንዱ ቪዲዮ ለጀማሪ ለንደን ሲስተም ነው የሚሻለው አለ፤ ጀመርኩ። ከዚያ ተቃዋሚዎቼ ንግሥታቸውን ቢ6 በሚባለው ካሬ ላይ እያወጡ የቢ2 ወታደሬን ማስጨነቅ ሲጀምሩ ተውኩት። ሌላው ሲሲሊያን አለ፣ ሦስተኛው ኪንግስ ኢንዲያን አለ። በመጨረሻ ካሮ ካን ላይ አረፍኩ፤ ጠንካራ ነው፣ ጀማሪ ቶሎ አይሸነፍበትም ሲሉ ሰምቼ።

ትናንት ማታ በዚሁ ቶሎ በማይሸነፉበት ኦፕኒንግ በ6ኛው ሙቭ ማት ሆንኩ፤ ንጉሤ ተይዞ ጨዋታው አለቀ። እንዲህ ነው የሆነው። ወታደሩን ገፍቶ ኢ4 ሲል እኔም በወታደር ሲ6 አልኩ። ዲ4፣ ዲ5። ፈረሱን ሲ3 ላይ አወጣ፣ ወታደሩን ኢ4 ላይ በላሁበት፣ በፈረሱ መልሶ በላ። ፈረሴን ዲ7 ላይ አስቀመጥኩ። እሱ ንግሥቱን ኢ2 ላይ አደረገ። የራሱን ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደውን) መንገድ ዘጋ፣ ይሄ ደግሞ ከእኔ ይብሳል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሁለተኛውን ፈረሴን ኤፍ6 ላይ አወጣሁ። የእሱ ፈረስ ዘሎ ዲ6 ላይ ገባ።

በኢ7 ወታደሬ ልበላው ብዬ ስጫን አይሄድም። ደግሜ ተጫንኩ፣ እምቢ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጨዋታው ማለቁን የሚናገረውን ጽሑፍ ያየሁት ቆይቼ ነው። ለካ ያ ወታደር ከተነሳ ንግሥቲቱ ንጉሤን ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ንጉሤ ደግሞ በገዛ ሰዎቹ (ጠጠሮቹ) ታጥሮ መውጫ የለውም። ጠዋት ለልጄ ሳሳያት «አባዬ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ወጥመድ ነው» አለችኝ። የታወቀ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በነጭና በጥቁር ምን ልያዝ? ስንት ሙቭ ድረስስ በቃሌ ልያዝ?

ሩክ በጥግ፦

ጋሼ፣ አንተ ልበልህ? ቼዝ ላይ እርስዎ መባባል ይከብደኛል።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሲሊያን ናይዶርፍ (የሲሲሊያን አንዱ ቅርንጫፍ) ሳጠና ነው የከረምኩት። እስከ 15ኛው ሙቭ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ሬቲንጌ ያኔ 900 ነበር። እና ምን ሆነ መሰለህ? ተቃዋሚዎቼ ያጠናሁትን አያውቁትማ! ኢ4፣ ሲ5፣ ከዚያ በ2ኛው ሙቭ ቢሾፕ ሲ4 ይላሉ። ያጠናሁት ሁሉ እዚያው ያልቃል። ኮምፒውተሩ ለጥቁር ምንም ችግር የለውም ይላል። እኔ ግን ችግር ነበረብኝ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። መልሱ ደግሞ ቀላል ነው። ኢ6 ብለህ ቀጥለህ ዲ5 ትገፋለህ፣ ቢሾፑ ይሸሻል። ይሄን ለማየት ናይዶርፍ አያስፈልግም። ወታደር መሃል ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል።

ስለዚህ በነጭ ጣሊያን የሚባለውን ኦፕኒንግ ያዝ። ኢ4፣ ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4። የምወደው እያንዳንዱ ሙቭ ምክንያቱ ስለሚታይ ነው። ፈረሱ የኢ5ን ወታደር ይነካል። ቢሾፑ ኤፍ7ን ያያል፤ ኤፍ7ን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም። ቀጥለህ ካስል ታደርጋለህ፤ ንጉሡን ወደ ጥግ ታስጠጋና ሩኩን (ጥግ ላይ የሚቆመውን ግንብ) በላዩ ታሻግራለህ። ይሄ ኦፕኒንግ ጣሊያናዊው የቼዝ ጸሐፊ ግሬኮ በ1600ዎቹ በጻፋቸው ጨዋታዎች ውስጥ አለ፣ ዛሬም ትልልቆቹ ይጫወቱታል። ስታድግ የምትጥለው ኦፕኒንግ አይደለም ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ አትቸኩል። ሲ3፣ ዲ3፣ ሩክ ኢ1። ከዚያ የግራው ፈረስ ጉዞ አለ፦ ከቢ1 ወደ ዲ2፣ ከዲ2 ወደ ኤፍ1፣ ከኤፍ1 ወደ ጂ3። መጀመሪያ ሳየው ሰውዬው መንገድ ጠፍቶበት ነው ብዬ ነበር። ግን ፈረሱ ጂ3 ሲደርስ ንጉሡ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ሰው አገኘህ ማለት ነው። ሩኩ ግን አስቀድሞ ከኤፍ1 መነሳት አለበት፤ እኔ ረስቼው ስንት ጊዜ ፈረሴ ዲ2 ላይ ቆሞ ቀርቷል።

በጥቁር ለኢ4 ኢ5 በል፣ ለዲ4 ዲ5 በል። ዲ4 ላይ ሲ4 ካስከተለ ኢ6፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ቢሾፕ ኢ7፣ ካስል። አለቀ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

በቃልህ መያዝ ያለብህ አንድ ነገር ብቻ አለ። አንተ ጥቁር ሆነህ ጣሊያን ሲጫወቱብህ ፈረስ ኤፍ6 ካልክ፣ እሱ ፈረሱን ጂ5 ላይ ያስገባና በፈረስና በቢሾፕ ኤፍ7 ላይ ያነጣጥራል። ዲ5 ትላለህ፣ በወታደር ይበላል። እዚህ ጋ እጅህ ሳታስበው ያን ወታደር በፈረስ ልትበላ ይሄዳል። እንዳትበላ! ከበላህ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል፣ በንጉሥ ትበላለህ፣ ንግሥት ኤፍ3 ብሎ ቼክ ይልሃል። ቼክ ብቻ ደግሞ አይደለም፣ ዲ5 ያለውንም ፈረስህን ይዞታል። ፈረሱን ለማዳን ንጉሥህ ኢ6 ላይ፣ መሃል ሜዳ፣ ራቁቱን ይወጣል። በዚያ ፈንታ የሲ6ን ፈረስ ኤ5 ላይ አድርግና ቢሾፑን አባርረው። አንድ ወታደር ትከስራለህ። ግን ሰዎችህ እየወጡ የእሱ ሰዎች እየሸሹ ነው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። የመጨረሻ 20 ሽንፈቶችህን ክፈትና እያንዳንዱ በምን እንደተሸነፈ ጻፍ። ኦፕኒንግ ነው ወይስ ሌላ? ከዚያ እንነጋገር።

መሥዋዕት ይሻላል፦

ከላይ ያለው ወንድሜ ጥሩ ብሏል፤ ግን ሰውየውን ገና በ780 ሊያሸመግለው ነው። ፈረስ ወደ ዲ2፣ ፈረስ ወደ ኤፍ1፣ ፈረስ ወደ ጂ3! እስከዚያ ልጁ ታድጋለች።

ጋምቢት ሞክር። ስኮች ጋምቢት ከጣሊያን ብዙ አይርቅም። ፈረሶቹ ከወጡ በኋላ ዲ4 ትላለህ፣ ይበላል። መልሰህ አትበላም፤ ቢሾፕህን ሲ4 ላይ ታወጣለህ። አንድ ወታደር ሰጥተህ ጊዜ ገዛህ። ሰው ማጥቃት የሚማረው በማጥቃት ነው። ትሸነፋለህ? አዎ። ግን ለምን እንደተሸነፍክ በግልጽ ታየዋለህ።

ካሮዬን አትንኩ፦

እኔ የተናደድኩት በካሮ ካን ስም መጥፋት ነው። ሆራሺዮ ካሮና ማርከስ ካን በ1886 ያጠኑት ኦፕኒንግ በአንድ ማታ ጨዋታ ሊጣል?

ስህተቱ የእርስዎ ሁለተኛ ፈረስ ነው። ንግሥቲቱ ኢ2 ላይ ስትቆም ራስን መጠየቅ ነበር። ሰው የራሱን ቢሾፕ የሚዘጋው ሌላ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ነው። እዚያ ላይ ኢ6 ቢሉ ማቱ የለም። ከዚያም በፊት፣ ዲ7 ላይ ፈረስ ከማስቀመጥ ይልቅ ቢሾፕ ኤፍ5 ብለው ፈረሱን መንካት ይችሉ ነበር። የካሮ ካን ዋና ጥቅሙም ይሄው ነው። የነጭ ካሬ ቢሾፕዎ የኢ6 ወታደር ሳይዘጋበት ወደ ውጭ ይወጣል። ፍሬንች የሚባለውን ኦፕኒንግ የሚጫወቱ ሰዎች ያ ቢሾፕ ሲ8 ላይ ታስሮባቸው ሲያለቅሱ ያያሉ።

የተሸነፉበትን ኦፕኒንግ ሁሉ የሚጥሉ ከሆነ ኦፕኒንግ ያልቅብዎታል።

ሩክ በጥግ፦

ካሮዬ እውነቷን ነው። ካሮ ካን ጥሩ ነው። እኔ ኢ5ን ያልኩት በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጨዋታ እንዲያይ ነው። በነጭ ጣሊያን ሲጫወት የሚማረው፣ በጥቁር ጣሊያን ሲመጣበት ያገለግለዋል። አንድ ጥናት ለሁለት ይሆነዋል። እንጂ ጠብ የለንም።

ሌሊት ተጫዋች፦

የስንት ደቂቃ ነው የምትጫወተው? 3 ደቂቃ ከሆነ ኦፕኒንጉ ምንም ይሁን ምን ዋጋ የለውም። 15 ደቂቃ ተጫወት። ካለቀ በኋላ ደግሞ ሊቼስ (የቼዝ ድረ ገጽ) ላይ ክፈትና ከተለመደው መንገድ መጀመሪያ የወጣው ማን እንደሆነ እይ። በነጻ ነው። በጨዋታ አንድ ሙቭ ብቻ ተማር፣ የዚያኑ ዕለት ተወው።

ጀማሪው አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንተ በሉኝ፣ ችግር የለም። በቼዝ የሁላችሁም ታናሽ ነኝ።

የቤት ሥራውን ሠራሁ። ትንሽ አሳፋሪ ነው። ከ20 ሽንፈት 13ቱ ሰው በነጻ ያስበላሁባቸው ናቸው። አምስቱን ንግሥቴን ነው። አራቱ ሰዓት አልቆብኝ ነው፤ ሌሊት ተጫዋች እንዳልከው የ3 ደቂቃ ጨዋታዎች ናቸው። አንዱን ተሸንፌ ሳይሆን ስልክ ሲደወልልኝ ትቼ ወጥቼ ነው። በኦፕኒንግ የተሸነፍኩት ሁለቱን ብቻ ነው፣ አንዱም ያ የካሮ ካኑ ማት። እኔ ለሁለት ብዬ አራት ኦፕኒንግ ቀየርኩ፣ ለ13ቱ ግን ምንም አላደረግኩም።

ለጊዜው ጣሊያንንና ኢ5ን ይዣለሁ። ካሮዬ፣ አልጣልኩትም፤ አስቀምጬዋለሁ። መሥዋዕት፣ የአንተን በሁለት ጨዋታ ሞከርኩ። አንዱን አሸነፍኩ፣ አንዱን እንዴት እንደተሸነፍኩ በግልጽ አይቻለሁ።

ከልጄ ጋር ቅዳሜ በሰሌዳ ተጫወትን። እሷ ነጭ፣ እኔ ጥቁር። ጣሊያን ወጣች። ፈረስ ኤፍ6 አልኩ። ወዲያው ፈረሷን ጂ5 ላይ አስገባች። ዲ5፣ በላች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይሄን ሁሉ አንብቤም እጄ ወደዚያ ፈረስ ሄደ። ልነካው ስል ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። እጄን መለስኩና ሌላኛውን ፈረስ ኤ5 ላይ አስቀመጥኩ።

«ማነው የነገረህ?» አለችኝ።

ጓደኞች አሉኝ አልኳት። በ31ኛው ሙቭ ሩኬን በነጻ አስበልቼ ተሸነፍኩ።

ሩክ በጥግ፦

13ቱን 14 አድርገው።