ድመትን ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለማስወረድ ውኃ መርጨት ያዋጣልን?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ አካባቢው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእርሻ መሬት ስለነበረ ነው መሰል አይጥ እስከ ላይኛው ፎቅ እየወጣ አስቸገረንና ድመት አመጣን። በአይጡ በኩል ውሮን የምንነቅፍበት ነገር የለም። ነገር ግን ከወጥ ቤት ዞር ባልን ቁጥር ምድጃው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ወጥታ የድስት ክዳን ትገፋለች፤ ሌሊት ደግሞ የሶፋውን ክንድ ስትቧጭር ታድራለች።

እናቴ በነጠላ ጫማ አንድ ጊዜ ቸብ ማድረግ ይበቃታል ትላለች። እኔ መምታቱን ስላልወደድኩት፣ ጎረቤቴ በመከሩኝ መሠረት ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙትን ዓይነት ውኃ መርጫ ጠርሙስ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ባየኋት ጊዜ ሁሉ እረጫታለሁ። አሁን ጠርሙሱን ገና ሳነሣ ዘልላ ትወርዳለች። ይሁን እንጂ ከቤት ስንወጣ ወይም ስንተኛ ተመልሳ እንደምትወጣ ጠረጴዛው ላይ ከምትተወው የእግሯ ዱካ አውቃለሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ቀድሞ ጭኔ ላይ ትተኛ የነበረች ድመት አሁን እጄን ስዘረጋ መሸሽ ጀምራለች፤ ልጆቹም ነገሩን ጨዋታ አድርገውት ተኝታ ሳለች ጭምር ይረጯታል። ይህ ዘዴ በአግባቡ ቢሠራበት ውጤት ያመጣልን? ካላመጣስ በምን ልተካው?

መልስ ሰጪ፣ ከሱሉልታ

እኔ በውኃው አልከፋም። ንጹሕ ውኃ አይጎዳም፤ ከጫማውም እጅግ ይሻላል። ጉድለቱ የአረጫጨቱ ይመስለኛል። ድመቷ ጠርሙሱን የምታየው ከሆነ ቅጣቱን ከእርስዎ ጋር ታያይዘዋለች፤ ስለዚህ ከበር ጀርባ ቆመው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ልክ ጠረጴዛውን ስትረግጥ ይርጩባት። በግቢያችን ሁለት ውሾች ሲናከሱ እጄን ከማስገባ አንድ ባልዲ ውኃ ደፍቼ ስለማላቅቃቸው፣ ውኃን ጨርሶ ማውገዝ ተገቢ አይመስለኝም። ልጆቹ ግን ጠርሙሱን መንካት የለባቸውም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ።

መልስ ሰጪ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ከሰበታ

የተናከሱ ውሾችን በውኃ ማላቀቅ ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ የሚፈለገው አንድን አደጋ በዚያው ቅጽበት ማስቆም እንጂ ማስተማር አይደለም። ጠያቂያችን የሚፈልጉት ግን ድመቷ ሰው በሌለበትም ከጠረጴዛው እንድትርቅ ነው፤ ውኃውም ይህን ማድረግ አልቻለም። ከበር ጀርባ ተደብቆ መርጨት በመርህ ደረጃ የተሻለ ቢሆንም፣ ቅጣት እንዲሠራ ከድርጊቱ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥና በእያንዳንዱ ጊዜ መድረስ ስላለበት፣ ሥራ ውሎ የሚመጣና ሌሊት የሚተኛ ሰው ሊፈጽመው የሚችል ነገር አይደለም።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ የተራቡ ድመቶችን መክፈቻ ባለው ሳጥን ውስጥ እያስገባ ምግቡን ከውጭ አስቀምጦ ይመለከታቸው ነበር። ድመቶቹ መክፈቻውን በአጋጣሚ ነክተው ከወጡና ከበሉ በኋላ፣ ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር የሚወጡበት ጊዜ እያጠረ ሄደ። የእርስዎም ውሮ በዚሁ ሕግ እየተመራች ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀን የሥጋ ቁራጭ ካገኘች ትመለሳለች፤ አንዳንዴ ብቻ ማግኘቷ ደግሞ ልማዱን ያጸናዋል እንጂ አያዳክመውም። ስለዚህ ከመርጨት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ድመቷ እዚያ ላይ የምትወጣው ምን ፍለጋ ነው የሚለው ነው።

በእኛ አገር ቤቶች መልሱ ብዙ ጊዜ ረኃብ ነው። ድመት አይጥ ትያዝ ተብላ ስለምትመጣ ራሷን ትመግባለች ተብሎ ይታሰባል፤ ቢበዛ ወጥ የነካ እንጀራ ይጣልላታል። ድመት ግን ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ለረጅም ጊዜ ከጎደላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። ወጣችን ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ስለሆነ፣ እነዚህም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ፣ ትራፊው ሊጎዳት ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከብዙ ቤቶች ሲጠፉ ድመቷም ሳትጠየቅ አብራ ትጾማለች፤ ከዚያ በፋሲካ ዋዜማ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሌባ ተብላ ትባረራለች። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ በራሷ ሳህን፣ ያለ ቅመምና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይስጧት፤ ለድመት የተዘጋጀ ምግብ መግዛት ከቻሉ ደግሞ የተመጣጠነው እርሱ ነው። ብዙ ሰው ከሥጋ ቤት የሚወስደውን ሳምባ በደንብ ሳይቀቅሉ ለየትኛውም እንስሳ አይስጡ፤ በተለይ ውሻ ጥሬውን ሲበላ ሃይዳቲድ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው የኮሶ ዝርያ በአንጀቱ ይራባል፤ ከዚያም እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ከዚህ ጎን ለጎን ድስቱን ካቢኔ ውስጥ ይክተቱ፤ ጠረጴዛውንም ጠርገው ይተኙ። ድመት ከፍታ ስለምትወድ በመስኮት አጠገብ አንድ በርጩማ ወይም መደርደሪያ ይስጧትና እዚያ ስትወጣ ትንሽ ቁራሽ ይሸልሟት።

ስለ ሶፋው ደግሞ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ እውነት አለው። መቧጨሯን ማስተው አይቻልም፤ ያረጀውን የጥፍሯን ልባስ የምትጥለው፣ ጡንቻዋን የምታፍታታውና በመዳፏ ካሉት ዕጢዎች ሽታዋን የምትተወው በዚህ ነው። ወፍራም እንጨት በቃጫ ገመድ አጥብቀው ጠምጥመው፣ እንዳይወዛወዝ ከታች ሰፊ ጣውላ መትተው ያቁሙላት። ቁመቱ ሙሉ በሙሉ ተንጠራርታ ልትቧጭረው የምትችል ይሁን፤ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ለብዙ ድመት ይበቃል።

ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር ልጨምር። በረኪና ወይም የመስታወት ማጽጃ የነበረበትን ጠርሙስ አጥበው የሚጠቀሙ፣ ውኃው አልበቃ ሲል ሚጥሚጣ ወይም ኮምጣጤ የሚጨምሩም አሉ፤ ይህ ዓይን ይጎዳል፣ አፍንጫና ጉሮሮም ያቃጥላል። ድመት ፀጉሯን በምላሷ ስለምታጸዳ፣ የተረጨባት ሁሉ ወደ ሆዷ እንደሚገባ ያስቡ።

መልስ ሰጪ፣ ከለገጣፎ

ከርእሱ ብዙ ካልራቅሁ አንድ ጥያቄ ላክል። ማታ ጅብ በተጠጋ ቁጥር ውሻችን እስከ ንጋት ይጮኻል፤ ጎረቤትም ያማርራል። በውኃ ዝም ላሰኘው ብዬ አስቤ ነበር። ለውሻስ የሚሉት ያው ነው?

የእንስሳት ሐኪም፣ ከሰበታ

ያው ነው፤ በውሻ ላይ እንዲያውም ይብሳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ የሚጮኸው ሥራው ስለሆነ ነው። ጅብ ሲመጣ በፍርሃት የሚጮኽ ውሻ ላይ ውኃ ቢረጩ በፍርሃቱ ላይ ፍርሃት ይጨምሩበታል፤ በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መንከስ ሊለምድ ይችላል። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ተናካሽ ለሆኑት ጭምር በሽልማት ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ብቻ እንዲሰጥ መክሯል። ቤቱን ከዋናው በር አርቀው ከቤታችሁ ግድግዳ ጋር ያስጠጉለት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ውጭውን እንዳያይ ይድፈኑት፤ ቀን ታስሮ የሚውል ከሆነ ፈትተው ያንቀሳቅሱት። ጅቡን የሚስበው ብዙ ጊዜ ከአጥር ውጭ የሚጣል አጥንትና ቆሻሻ ስለሆነ፣ ጎረቤቶችዎ የሚያማርሩትን ያህል በዚህም ቢተባበሩ መልካም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ያሳድሱለት።

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱን ለልብስ መተኮሻ መድቤዋለሁ። ምግቧን በተመለከተ የተባለው በትክክል የእኛን ቤት ይመለከታል፤ ትራፊ እንጂ የራሷ ሳህን አልነበራትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ እንጨቱን በረንዳ ላይ ባቆመው ይሠራልን?

የእንስሳት ሐኪም፣ ከሰበታ

መጀመሪያ ላይ አይሠራም። ሽታዋን የምትተወው ሰዎች በሚውሉበት ቦታ ስለሆነ በረንዳ ላይ ያለውን ችላ ብላ ወደ ሶፋው ትመለሳለች። ከሚቧጨረው ክንድ ጋር አስጠግተው ያቁሙት፤ ክንዱንም ለጊዜው በወፍራም ላስቲክ ይሸፍኑት። እንጨቱን ለጥቂት ሳምንታት ሳታቋርጥ ከተጠቀመችበት በኋላ፣ በየቀኑ አንድ ስንዝር ያህል እየገፉ ወደሚመችዎ ጥግ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ወደ ሶፋው ከተመለሰች ግን አንድ ደረጃ መልሰው ያስጠጉት።