12 ሆነን ፐብጂ እንጫወታለን፦ የድምፅ ቻናሉን እንዴት እንከፋፍለው? ጨዋታ ሲጀምር ማይክ የሚጠፋውስ ለምንድነው?

ጎህ_ስኳድ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። 12 ሆነን ፐብጂ ሞባይል (የተኩስ ጨዋታ) እንጫወታለን፤ 7 አዲስ አበባ፣ 4 ዋሽንግተን ዲሲ፣ 1 ዱባይ። ሁላችንም በስልክ ነን። ዲስኮርድ (የድምፅና የጽሑፍ መገናኛ አፕ) ላይ አንድ ሰርቨርና አንድ የድምፅ ቻናል አለን፤ ሦስቱም ስኳድ (አራት አራት ሰው ያለበት ቡድን) እዚያው ውስጥ ነው የሚያወራው። ሎቢ (የጨዋታው መጠበቂያ) ላይ ሁሉም ይሰማል፣ ጨዋታው ሲጀምር ግን የሁለት ሦስት ልጆች ማይክ ዝም ይላል። ብሉቱዝ ኢርፎን የሚያደርጉት የጠላት ኮቴ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይለዩም። «ከኋላህ!» ሲባል ለማን እንደተባለ ስለማይታወቅ 12ቱም ይዞራል። ዝምተኞቹ ልጆች ቀስ በቀስ እየቀሩ ነው። የዱባዩ ልጅ ደግሞ ጽሑፍ ይልካል እንጂ ድምፁ «ኮኔክቲንግ» ላይ ይቀራል። ዳታም ያሳስበናል። ከየት እንጀምር?

ባለገመድ
ከማይኩ ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ሁለት አፖች ማይክ በአንድ ላይ ሲጠይቁ ድምፁ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ላለው ነው፤ ከጀርባ ያለው ዝምታ ብቻ ይቀበላል። ሎቢ ላይ ጥሩ የነበረው ጨዋታው የራሱን ማይክ ሲከፍት ይጠፋል። ስለዚህ ዲስኮርድ የምትጠቀሙ ከሆነ የጨዋታውን ማይክም ስፒከርም ዝጉ፣ ከዚያ ከድምፅ ቻናሉ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ።

አንድ ነገር ለዩ። ልጁ ቻናሉ ውስጥ ስሙ እየታየ ዝም ካለ ችግሩ ይሄ የማይክ ሽሚያ ነው። ስሙ ራሱ ከዝርዝሩ ከጠፋ ግን ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ዲስኮርድን ከጀርባ እየዘጋው ነው፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ለዲስኮርድ የባትሪ ገደቡን አንሱለት።

ብሉቱዙን በተመለከተ፣ ማይኩ እስካልተነካ ድረስ ሙዚቃ በሚጫወትበት መንገድ በስቴሪዮ ነው የሚሠራው። ማይኩ በተከፈተ ቅጽበት ወደ ስልክ ጥሪ ሞድ ይቀየራል፦ ሞኖ፣ 8 ወይም 16 ኪሎኸርዝ። ቀኝና ግራ ሲቀላቀል ኮቴ ከየት እንደሚመጣ ማንም አይለይም፣ ውድ ኢርፎንም ቢሆን። መፍትሔው ማይክ ያለው ባለገመድ ኢርፎን ነው። ገመድ ከሌለ ብሉቱዙን ለመስሚያ ትታችሁ የስልኩን ማይክ መጠቀም አንዳንድ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም።

ፒንግ_ቆጣሪ
ቻናሉ ሴቲንግ ውስጥ «ሪጅን ኦቨርራይድ» የሚል አለ። ድምፁ በየት አገር ሰርቨር በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለገባው ሰው የሚቀርበውን ሰርቨር ይመርጣል፤ የዲሲ ልጆች ቀድመው ከገቡ የአዲስ አበባዎቹ እርስ በርስ ለማውራት ድምፃቸው አትላንቲክን ተሻግሮ መመለስ ሊኖርባቸው ነው። ሮተርዳም ላይ አድርጉት፣ ለሁለቱም ወገን መሐል ነው።

ከአዲስ አበባ ዲሲ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሄድ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ለአንድ ወገን ጉዞ ወደ 58 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት መመዘኛ የአንድ ወገን መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ንግግሩ ያለ ችግር ይቀጥላል ይባላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ሰው በአንድ ላይ መጀመር ይበዛል። «ቆይ እኔ ልናገር» «አይ አንተ ቀጥል» የሚለው መተላለፍ ሁልጊዜ የጠባይ ችግር አይደለም ማለት ነው።

ዳታ፦ ዲስኮርድ የሁሉንም ድምፅ ቀላቅሎ አይልክም፣ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ለየብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ አይላክም። በተለመደው የድምፅ ጥራት፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት፣ አንድ ሰው ያለ እረፍት ለአንድ ሰዓት ቢያወራ ከፓኬት ማሸጊያው (ከድምፁ ጋር አብሮ ከሚላከው ተጨማሪ ዳታ) ጋር ወደ 40 ሜጋባይት ይሆናል። ወደ 32 ብታወርዱት 20 አይሆንም፣ ወደ 25 ነው፤ ማሸጊያው አይቀንስምና። የበለጠ የሚቆጥበው 12 ሰው አንድ ቻናል ውስጥ አለመሆኑ ነው።

የሩም_አለቃ
ከላይ ያለው እንዳለ ሆኖ ትልቁ ችግራችሁ አከፋፈሉ ነው። አንድ «ሎቢ» የሚባል ቻናል ያለ ገደብ ክፈቱ፤ ከሥሩ ስኳድ 1፣ 2፣ 3፣ እያንዳንዳቸው የሰው ገደባቸው 4። ገደቡን ስትሞሉ አምስተኛ ሰው መግባት አይችልም፣ ስለዚህ «ማን የት ይግባ» ክርክሩ ያበቃል። ሰው የማዘዋወር ፈቃድ ያለው ግን ገደቡን አልፎ ይገባል፤ ፈቃዱን ለሁለት ሰው ብቻ ስጡ።

የሞተ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አስከሬኑ እያወራ በሕይወት ያለው ኮቴ አይሰማም። ደንብ አድርጉት፦ የሞተ የገደለውን ቦታ አንዴ ይናገራል፣ ከዚያ ወይ ዝም ይላል ወይ ሎቢ ይወርዳል። ሎቢው ባዶ ካልሆነ ሰው በፈቃዱ ነው የሚወርደው፤ ወሬውና ሳቁ እዚያ ነውና።

ሰላም_215
ዝምተኞቹ የሚቀሩት ዓይን አፋር ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። 12 ሰው በሚያወራበት የሚናገረው ድምፁ ትልቅ የሆነው ነው። አራት ሲሆኑ እያንዳንዱ መረጃው ስለሚፈለግ ይናገራል። አንዱን ዝምተኛ መንገድ መሪ አድርጉት፤ የት እንደሚወረድና ዞኑ (የመጫወቻው ክልል) ሲጠብ በየት በኩል እንደሚኬድ እሱ ይናገር፣ ሌላው ይከተል።

ጥሪያችሁን ደግሞ አሳጥሩ። «እዛ ጋ!» ጥሪ አይደለም። ቅደም ተከተሉ አቅጣጫ፣ ብዛት፣ ምልክት ይሁን፦ «215፣ ሁለት፣ ቀይ ጣሪያ፣ አንዱ ወድቋል።» 215 የኮምፓሱ ዲግሪ ነው። ቀኝና ግራ ጨርሶ አትበሉ፣ እያንዳንዱ ሰው የዞረው ወደተለያየ ነው። ዲግሪም ቢሆን የሚሠራው ጎን ለጎን ስትሆኑ ነው፤ በ100 ሜትር ከተራራቃችሁ የእኔ 215 የአንተ 180 ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማርከር (ካርታው ላይ የሚቀመጥ ምልክት) አድርጉ።

የበረሃ_ሎቢ
ስለ ዱባዩ ልጅ፦ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ውስጥ የኢንተርኔት ድምፅ ጥሪ የሚፈቀደው ፈቃድ ላገኙ አፖች ብቻ ነው። ጽሑፉ እየሠራ ድምፁ ብቻ ከቀረ ራውተር ማጥፋት ማብራት፣ አፑን አጥፍቶ መጫን ትርፉ ድካም ነው። «ቪፒኤን አውርድ» የሚል ይመጣል፣ አትስሙት፤ እዚያ አገር የተከለከለን ነገር በእሱ ማለፍ ከባድ መቀጮ አለው። እሱ ያለበት ስኳድ መጀመሪያ የጨዋታውን የራሱን የቡድን ድምፅ ይሞክር። እሱም እምቢ ካለ ማርከርና ተዘጋጅተው ያሉት ፈጣን መልእክቶች ይቀራሉ፤ ስኳዱ በሙሉ ማርከር ማድረግ ይልመድ፣ እሱ ብቻ ሳይሆን።

ጎህ_ስኳድ (ጠያቂ)
የጨዋታውን ማይክ ስንዘጋ የሁሉም ድምፅ ተመለሰ፣ ተባረኩ። አንድ ቀረኝ፦ ሦስት ሆነን ራንደም (የማናውቀው ተጫዋች) አራተኛ ሆኖ ሲገባልንስ?

የሩም_አለቃ
ዲስኮርድ ላይ ከቀራችሁ ያ ሰው የሚሰማው ዝምታ ነው፤ ብቻውን ይወርዳል፣ ብቻውን ይሞታል፣ ይወጣል። «አንዳችን የጨዋታውን ማይክ እንክፈትለት» እንዳትሉ፣ ባለገመድ እንዳለው የዚያ ሰው የዲስኮርድ ማይክ ይጠፋል። ለዚያ ጨዋታ ሦስታችሁም ወደ ጨዋታው ድምፅ ዙሩ፣ ቻናሉን «ቲም» ላይ አድርጉ እንጂ «ኦል» ላይ አትተዉት፤ አለበለዚያ አጠገባችሁ የተደበቀው ጠላትም ይሰማችኋል። ከተሳደበ ሚውት፣ ወደ ዲስኮርድ መመለስ ነው።