«ደራሲ ቢጽፈው ማንም አያምነውም» ይባላል እንዴ?

የሳውላ ልጅ፦ ብዕረኛው ትናንት ማታ ስለ ጎፋው ናዳ እዚሁ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «ልክ ፊልም ነው። ሊያድኑ የመጡትን ተራራው መልሶ ዋጣቸው። ደራሲ ቢጽፈው ማንም አያምነውም።» ሐምሌ 15 ቀን 2016 ነው የሆነው። ገና ሳምንት አልሞላውም። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ሰው በአካፋና በእጁ ጭቃ እየቆፈረ ነው። አንተ ስለ ድርሰት ታወራለህ? በጣም ነው ያዘንኩት።

ብዕረኛው፦ ያከበርኳቸው መስሎኝ ነው። ጎረቤታቸውን ሊያወጡ ሄደው ነው የሞቱት። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች አሉበት። ቃል አጣሁለት። ቃል ያጣ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነው የሚጠራው።

የሳውላ ልጅ፦ «ማንም አያምነውም» ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ሀገር ኡኡታ ከተሰማ ሰው ይሮጣል። ባይሮጡ ነበር የማይታመነው!

እናት ዓለም፦ እኔ ብዕረኛው ላይ አልፈርድም። መጋቢት 1 ቀን 2011 አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አካባቢ ሲከሰከስ እናቴ ቀኑን ሙሉ «ሕልም ነው የሚመስለኝ» እያለች ነበር። 157 ሰው! እሷን ማን ተቆጣት? ሕልም ሲባል ይቻላል፣ ፊልም ሲባል ነውር ነው?

ቆሼ ሰፈር፦ አዎ፣ ልዩነት አለው። ሕልም ነው የሚል ሰው ቀስቅሱኝ እያለ ነው። ፊልም ነው የሚለው ተመልካች ነው። በ2009 ቆሼ ሲናድ እኔ እዚያው ነበርኩ። ከ110 በላይ ሰው ነው ያለቀው። አንድ ልጅ ስልኩን ደግኖ «ፊልም አይመስልም?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አጠገቡ አንዲት እናት መሬት ላይ ትንከባለላለች። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ብዕረኛው፦ እኔ ማንም ላይ ስልክ አልደገንኩም። ደግሞ ማመሳሰል ፊልም ያመጣው ነገር አይደለም። አልቃሽ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ «ዋርካው ወደቀ፣ አንበሳው ሞተ» ትላለች። ያለ ምሳሌ አልቅሰን እናውቃለን?

የሳውላ ልጅ፦ አልቃሿ ስሙን ታውቃለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ ጠይቃ ነው ግጥሙን የምታወርደው። አንተ ጽሑፍ ላይ የአንድ ሰው ስም የለም። የተጠራው ፊልም ነው።

ከዋሽንግተን፦ እዚህ ያለነው ስም ከየት እናምጣ? የደረሰን ቪዲዮ ብቻ ነው። እኔ ብዕረኛውን አንብቤ ነው ያለቀስኩት፤ ገንዘብም የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የሳውላ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ያስለቀሰሽ ሰዎቹ ናቸው ወይስ አጻጻፉ?

ከዋሽንግተን፦ ይሄ ጥያቄ ነው? ሰዎቹ ናቸው እንጂ!

ጋሽ መምህር፦ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፊልም ላይ ተራራው የሚናደው ደራሲው ስለፈለገ ነው። ጎፋ ላይ ግን ከባድ ዝናብ ነው፣ ገደላማ መሬት ነው። አንዴ የተናደ ቦታ ደግሞ ሊናድ ይችላል። ከሥሩ አትሰብሰቡ የሚል ሰው ነበር ወይ? «ተራራው ዋጣቸው» ካልን ይህን ማን ይጠይቃል?

የሳውላ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሟቾቹን ሊወቅሱ ነው?

ጋሽ መምህር፦ ኧረ በፍጹም! ማስጠንቀቅ የነበረበትን አካል ነው የምለው። ደግመህ አንብበው ልጄ።

የሳውላ ልጅ፦ አንብቤዋለሁ። እሱም ቢሆን ከቀብር በኋላ ይድረስ።

ብዕረኛው፦ ለእኔ ከቀብር በኋላ፣ ለጋሽ መምህርም ከቀብር በኋላ። ታዲያ እስከዚያ ምን እንበል?