ከሁለት ሕፃናት ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ መኖር፦ ከመወሰናችን በፊት ምን እንመርምር?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ወር ወንድ ልጅ አሉን፤ የምንኖረውም መሀል ከተማ፣ ባለአንድ መኝታ የኪራይ አፓርታማ ውስጥ ነው። የሕፃኑ አልጋ ከእኛ አልጋ ጎን ገብቶ መተላለፊያውን ስለዘጋው፣ ማታ ከቁም ሣጥኑ አንዲት ፎጣ ለማውጣት እንኳን አልጋውን ከነልጁ ገፋ ማድረግ ግድ ይለናል። ልጃችን መሮጥ በምትወድበት ዕድሜ ላይ እያለች፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች እንዳይረበሹ ቀኑን ሙሉ «ቀስ በይ» ስንላት መዋላችን ያሳዝነኛል።

ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ፣ አብዛኛው ነዋሪ ማለዳ ለሥራ ወደ ዋናው ከተማ ሄዶ ማታ በሚመለስባት አነስተኛ ከተማ፣ አሁን ከምንከፍለው ኪራይ ብዙም በማይበልጥ ወርኃዊ ክፍያ ግቢ ያለው ባለሦስት መኝታ ቤት መግዛት እንደምንችል አረጋግጠናል። ባቡሩ ከጣቢያ እስከ ጣቢያ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ሆኖ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል፤ የእኔ ሥራ ግን በየቀኑ በአካል መገኘትን የሚጠይቅ ሲሆን የወሊድ ፈቃዴም ወደ ማብቂያው ተቃርቧል።

ቤቱ እንደሚሻለን አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ ከቤቱ ውጭ ያለው ሕይወታችን ነው። ልጆቹን የምናስገባው ቤታችን አጠገብ ባለ ማቆያ ይሁን ወይስ ከሥራ ቦታችን አጠገብ? ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ይህን ያህል መንገድ በየቀኑ መመላለስ ይቻላል ወይ? በዚህ ያለፋችሁ ወይም በሙያችሁ የምታውቁት ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ የዘወትር ተሳፋሪ

እህታችን፣ ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ ከከተማ ወጥተን እስከ ዛሬ የምንኖረው እዚያው ነው፤ በኑሯችንም ደስተኞች ነን። የምጽፍልዎ እንዳይሄዱ ለመከልከል ሳይሆን ሒሳቡን በትክክል እንዲሠሩ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው 50 ደቂቃ የሚለውን ቁጥር ይተዉት። እርሱ የባቡሩ ጉዞ እንጂ የእርስዎ ጉዞ አይደለም። የእርስዎ ጉዞ የሚጀምረው ልጆቹን አልብሰው፣ ጫማ አድርገውላቸው በሩን ሲቆልፉ ነው፤ ከዚያ ማቆያው ደጃፍ ላይ መሰነባበት አለ፣ ወደ ጣቢያው መራመድ አለ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥ ቀደም ብሎ መድረስ አለ፣ ከወረዱም በኋላ እስከ መሥሪያ ቤትዎ የሚቀር መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር ወደ 90 ደቂቃ ቢጠጋ ሊገርምዎ አይገባም። የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያዎች የጉዞን ጫና ሲያሰሉ በመጠበቅና በመራመድ የሚያልፈውን ደቂቃ፣ ተሽከርካሪ ውስጥ ከሚያልፈው ደቂቃ ወደ እጥፍ በተጠጋ ክብደት ይይዙታል፤ ቆሞ መጠበቅ ተቀምጦ ከመጓዝ ይልቅ ስለሚያታክት ነው። በዚህ ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ጠበብ ያለ ቤት ሌላ አውቶቡስ ከሚያስይዝ ሰፊ ቤት ይሻላል።

ቼዛሬ ማርኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች በየዘመኑና በየአገሩ ለዕለት ጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት እንደሚጠጋ፣ መጓጓዣ ሲፈጥንም ሰው ጊዜ ከማትረፍ ይልቅ ርቆ መኖርን እንደሚመርጥ አመልክቷል። ከዚያ በላይ የሚጓዝ ሰው ሞልቷል፤ ሆኖም የእርስዎ ዕቅድ ደርሶ መልስ ከዚህ ልክ በሁለትና በሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ትርፉ ጊዜ ከየት እንደሚወሰድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከሥራ ሰዓት አይወሰድም፤ የሚወሰደው ከእንቅልፍዎ ወይም ልጆቹ ነቅተው ከሚቆዩበት የምሽት ሰዓት ነው። ሕፃኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚተኛ ቢሆንና እርስዎ ቤት የሚገቡት 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ በሥራ ቀን ከእርሱ ጋር የሚኖርዎ ጊዜ ከማጠብና ከማስተኛት አያልፍም።

በአማካይ ጊዜም አይመኩ። ማቆያው 12 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከመሥሪያ ቤት ከሚወጡበት ሰዓት ተነሥተው ባቡሩ በዘገየ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ያስሉ። ከመዘጋቱ በፊት የማይደርሱ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ቀን አልፎ አልፎ ቢሆንም እንኳ ልጆቹን የሚረከብ ሌላ ሰው ሊኖርዎ ይገባል። በተጨማሪም ለሠራተኞች ምልልስ ተብለው የተዘረጉ መስመሮች ጠዋትና ማታ ቶሎ ቶሎ የሚመጡ ሆነው እኩለ ቀን ላይ ይሳሳሉ። ልጅ አተኮሰው ተብሎ የሚደወልልዎ ግን በእነዚያው ሰዓታት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳውን ሲያዩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለውን ክፍል ጣትዎን እያስኬዱ ይቁጠሩት።

ቤቱን ለማየት የሄዱት ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ደግሞ ገና አላዩትም ማለት ነው። በሥራ ቀን ማለዳ፣ ሁለቱንም ልጆች ይዘው፣ በሚጓዙበት ሰዓት መንገዱን እስከ ቢሮዎ በር ድረስ ይሂዱበት፤ የሚቻል ከሆነ ዝናብ ባለበት ቀን ያድርጉት።

ምላሽ፦ በሕፃናት ማቆያ የምሠራ

የማቆያውን ጥያቄ ልመልስ። ከሥራ ቦታ አጠገብ ያለ ማቆያ ለእናት ልብ ይመቻል፤ ሲደወልልዎ በአጭር ጊዜ ይደርሳሉ፣ ጡት የሚያጠቡ ከሆነም በምሳ ሰዓት ብቅ ማለት ይችላሉ። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው። በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ጋሪ፣ ቦርሳና እንቅልፉን ያልጨረሰ ሕፃን ይዞ በየማለዳው መግባት ቀላል አይደለም፤ እርስዎ ታመው ቤት በዋሉ ቀን ልጁ ወይ ሳይሄድ ይቀራል ወይ ለእርሱ ሲባል የታመመ ሰው መንገድ ይጀምራል። የሚያፈራቸው ጓደኞችም በሰፈሩ የማያገኛቸው ልጆች ይሆናሉ። ትልቋ በቅርቡ ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ አንዱ ልጅ በአንድ ከተማ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ይውላሉ፤ ያኔ ማታ ሁለቱን በሰዓቱ መሰብሰብ ከባድ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ሁለቱንም ቤታችሁ አጠገብ ማስገባት ነው፤ ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። በምዝገባ ቅጻችን ላይ ወላጆች ባይገኙ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ የሚሞላበት መስመር አለ። ብዙ ወላጆች እዚያ ላይ ሩቅ የሚኖር ዘመድ ይጽፉና ያልፉታል። ትኩሳት ያለው ሕፃን ትከሻችን ላይ ተለጥፎ እየተነጫነጨ፣ እናቱ ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቦታ «መጣሁ» ስትለን፣ የተጻፈውም ዘመድ ከእርሷ የራቀ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማንን ጭንቀት በቃላት መግለጽ ያስቸግረኛል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ፣ ልጁ የሚያውቀው አዋቂ ሰው ያስፈልጋል።

ጡት ማጥባቱን ለመቀጠል ካሰቡ ረጅሙ ጉዞ አይከለክልዎትም። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ለ4 ሰዓታት ያህል፣ በረዶ በተደረገበት ሙቀት በማያስገባ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓታት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ሥራ ቦታ ላይ የሚያልቡበት የተከለለ ክፍልና ፋታ መኖሩን ግን ፈቃድዎ ሳያልቅ ይጠይቁ።

ስለ ልጆቹ ስሜት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከወላጅ የመለየት ፍርሃት በብዙ ሕፃናት ላይ በ8 እና በ9 ወር አካባቢ ብቅ ብሎ እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ሊበረታ ይችላል። ልጅዎ አሁን እዚያው ዕድሜ ላይ ነው። አዲስ ቤት፣ አዲስ ማቆያና የእናት ሥራ መጀመር በአንድ ሳምንት ከተደራረቡበት ይከብደዋል፤ ቢቻል ወደ ቤቱ ቀድማችሁ ገብታችሁ፣ ማቆያውን ፈቃድዎ ሳያልቅ ለአጭር አጭር ሰዓት ያለማምዱት። ሲለዩትም ተደብቀው አይውጡ፤ ስመውት፣ ተናግረው፣ ሳይመላለሱ ይሂዱ። ለትልቋ አዲስ አልጋ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ የለመደችው አልጋ፣ አንሶላና የመኝታ ሰዓት አብረዋት ይሂዱ።

ምላሽ፦ ሒሳብ ሠራተኛ

የወር ክፍያውን ከኪራዩ ጋር ብቻ ማነጻጸር በቂ አይደለም። የሁለት ሰው የባቡር ትኬት፣ የቤቱ ጥገናና መድን፣ ሰፋ ያለውን ቤት ለማሞቅ ወይም ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ወጪ፣ ማቆያው ሲዘጋ ለሚረከብ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪና ይጨመራል። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ሐኪም ቤትና ገበያ በእግር የማይደረስባቸው ስለሚሆኑ፣ አንድ መኪና ጣቢያ ቆሞ ሲውል ሌላ መግዛት የግድ የሆነባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ቤት ርካሽ መሆኑ የመንገዱን ድካም ያካክሳል የሚለው ሐሳብም በራሱ እውነት ሆኖ መወሰድ የለበትም። ብሩኖ ፍሬይና አሎይስ ሽቱትዘር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የጀርመንን መረጃ ሲመረምሩ፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል፤ በንድፈ ሐሳብ የተሻለው ቤት ወይም ደመወዝ ጉዳቱን ሊያካክስ ሲገባው አላካካሰውም። ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከመግዛት በፊት በዚያው ከተማ፣ ከተቻለም በዚያው ሰፈር፣ ክረምቱንና በጋውን የሚያሳይ ጊዜ ተከራይታችሁ ኑሩ። ዕቃ ሁለት ጊዜ ማጓጓዙ ያስወጣል፤ የማያኖር ቤት ገዝቶ መሸጥ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጊዜ ሰሌዳውን እንደተባልኩት አየሁት፤ ጠዋት በየ15 ደቂቃው የሚመጣው ባቡር ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በሰዓት አንድ ብቻ ይሆናል። በዚያች ከተማ የምናውቀው ሰው የለም። የባለቤቴም ፈቃድ በአለቃው የቃል ስምምነት የቆመ እንጂ በጽሑፍ የተሰጠው አይደለም። አሁን ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው ከሁለታችን ማን ሥራውን ያሳጥር በሚለው ላይ ነው። ሁለታችንም ሳንናገረው እኔ እንደምሆን አስበን እንደነበር ሳስተውል ከበደኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁና።

ምላሽ፦ የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ ይህን ፊት ለፊት መነጋገር መጀመራችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሳይነገር ተወስኖ ያልቃል። የብሪታንያ የፊስካል ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ትንታኔ፣ ሴቶች ለሥራ የሚመላለሱበት ጊዜ ከወንዶች ጋር ያለው ልዩነት የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ ለ10 ዓመታት ያህል እየሰፋ እንደሚሄድ አሳይቷል። መንገዱ ሲረዝም ቤት አጠገብ ያለ ሥራ ፈልጋ የምትገባው ብዙ ጊዜ እናትየዋ ናት፤ በአቅራቢያው የሚገኘው ሥራ ደግሞ ከትምህርቷና ከልምዷ ጋር የሚመጣጠን ላይሆን ይችላል። የሚቀየረው የእርስዎ ሥራ ከሆነ በዓመታት የሚያጡት ደመወዝና ዕድገት ከቤቱ ዋጋ ጋር መደመር አለበት፤ አለበለዚያ ቤቱ ርካሽ የሚመስለው አንዱ ወጪ ስላልተጻፈ ብቻ ነው።

እኛ ቤት የሠራው ሰዓትን ማፈራረቅ ነው። እኔ ገና ሳይነጋ እወጣና ከቀትር በኋላ ቀደም ብዬ እመለሳለሁ፤ ባለቤቴ ልጆቹን ቁርስ አብልታ፣ አድርሳ፣ አርፍዳ ትገባና ማታ ትዘገያለች። በዚህ መንገድ ልጆቹ ማቆያ የሚቆዩበት ሰዓት ያጥራል፣ ማታም በመዝጊያ ሰዓት የሚሮጥ አይኖርም። ሁለታችን አብረን ራት የምንበላባቸው ቀናት ግን አነሱ፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ለእናንተም የሚበጅ ይመስለኛል፤ ነገር ግን የሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የባለቤትዎም ከቤት የመሥራት ፈቃድ በጽሑፍ ሊሆን ይገባል። አለቃ ሲቀየር የቃል ስምምነት አብሮ ይሄዳል፤ የ20 ዓመት ብድር ግን ይቀራል።

ባለቤትዎ ቤት የማይውልባቸው ሦስት ቀናት አሉ። ለእነዚህ ቀናት በማቆያው ቅጽ ላይ ስሙ የሚጻፍ ሰው የሚገኘው እዚያ በመኖር ስለሆነ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ያሉትን የኪራይ ጊዜ እደግፋለሁ። የማቆያው ወላጆች፣ ጡረታ የወጡ ጎረቤቶች፣ በዚያው ከተማ የሚሠሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ይታወቃሉ፤ እናንተም የእነርሱን ልጆች ትረከባላችሁ። በኪራዩ ዘመን መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ስም ካላገኛችሁ፣ እዚያው መስመር ላይ ለከተማው የሚቀርበውን ጣቢያ ተመልከቱ፤ ቤቱ ጠበብ ይላል፣ መኝታ ቤቱም ሁለት ሊሆን ይችላል፣ እርስዎ ግን ሲደወልልዎ በጊዜ ይደርሳሉ።